ከእርግዝና እስከ ልጅነት የሚዘልቅ የቤተሰብ ጤና ጥናት፦ በሐረርና በድሬዳዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሐረርና በድሬዳዋ ሰፈሮች ለጥናት ቤት ለቤት ስዞር ከእናቶች፣ ከአያቶችና ከአባቶች የምሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

ጤና ጣቢያ ክትትል አለኝ። የእናንተ ክትትል ከዚያ በምን ይለያል?

ቃሉ አንድ መሆኑ ብዙ ሰው ያሳስታል። የጤና ጣቢያው ክትትል ለእርስዎና ለፅንስዎ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። የደም ግፊት ይለካል፣ ሽንት ይመረመራል፣ የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ይታደላል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራል። የጥናት ክትትል ግን ብዙ እናቶችን መዝግቦ፣ ከእርግዝና ጀምሮ ልጆቹ ትምህርት ቤት እስኪገቡ፣ አንዳንዴም እስኪጎለምሱ ድረስ እየተመላለሰ ይጠይቃል፣ ይለካል። የሚፈልገው ከአንድ ቤት የማይታየውንና ከብዙ ቤት ሲሰበሰብ የሚገለጠውን ነገር ነው።

አንዱ ሌላውን አይተካም። «የጥናቱ ሰዎች ቤቴ ድረስ ይመጡ የለም?» ብላ የጤና ጣቢያ ቀጠሮዋን የተወች እናት ገጥማኛለች፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ያን ቀን መጠይቁን ትቼ ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ይህ ጽሑፍ አንድ እናት እንኳ ከእንዲህ ያለ ስሕተት ቢያድን ደስ ይለኛል።

ለምን በአንድ ጊዜ ጠይቃችሁ አትጨርሱም?

ሰው ስለሚረሳ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ያላትን እናት «በአምስተኛው ወርሽ ስንት የብረት እንክብል ዋጥሽ?» ብንላት ከልቧ ብታስብም አታገኘውም። ከመርሳት የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው፤ ልጇ የታመመባት እናት ሌሊቱን ሙሉ ምክንያት ስትፈልግ ስለምታድር ትንሹን ነገር ሁሉ ታስታውሳለች፣ ልጇ ጤነኛ የሆነላት ግን አታስታውስም። ሁለቱን ብናወዳድር ያልነበረ ምክንያት «አገኘን» እንላለን። በጊዜው የተጻፈ መልስ ከዚህ ይጠብቃል።

የተጻፈ ነገር ምን ያህል እንደሚያገለግል የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በእንግሊዝ ሐርትፎርድሻየር በሚባል አውራጃ ከ1911 ጀምሮ አዋላጆችና ጎብኚ ነርሶች የእያንዳንዱን ሕፃን የልደት ክብደትና የአንድ ዓመት ክብደት በትልልቅ መዝገቦች ላይ በእጃቸው ይጽፉ ነበር። ዴቪድ ባርከር የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ መዝገቦቹን አግኝተው እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1930 የተወለዱ ከ5,600 በላይ ወንዶችን ዕጣ ተከታተሉ። በ1989 ያሳተሙት ውጤት በልደትና በአንድ ዓመታቸው ክብደታቸው ዝቅ ያለ የነበሩት በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። እነዚያ አዋላጆች ሕፃን ሲመዝኑ የስድሳ ዓመት ሰው ልብ ጉዳይ እየጻፉ መሆናቸውን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። በኔዘርላንድም እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት በማሕፀን የነበሩ ልጆች ሲከታተሏቸው፣ ረሃቡ በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት የደረሰባቸውና በመጨረሻዎቹ ወራት የደረሰባቸው የተለያየ ጉዳት ይዘው አድገዋል። ከእናት ሆድ እስከ ጉልምስና የሚሄድ ክር አለ፤ በየመንገዱ ካልያዙት ግን ይጠፋል።

እንዲህ ያለ ጥናት በኢትዮጵያ አለ? በእኛ አካባቢስ?

አለ። ቡታጅራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ቤተሰቦች ተመዝግበው ይጠናሉ። ጅማ ላይ በ2008 የተጀመረ ጥናት አራስ ሕፃናትን ከተወለዱ ጀምሮ እየለካ ወደ ልጅነት ተከትሏቸዋል። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ደግሞ ከ2002 ወዲህ በኢትዮጵያ 3,000 ልጆችን ይዞ እስከ ወጣትነት ደርሷል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ሐረር ከተማ ያለው የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ በምሥራቅ ሐረርጌ ቀርሳ ወረዳ ከ2007፣ በሐረር ከተማ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው) የቤተሰብ ምዝገባ ያካሂዳል። ማን አረገዘች፣ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለው በየጊዜው ይመዘገባል። በዚህ ምዝገባ ላይ ተመሥርተው የተለያዩ ጥናቶች ይሠራሉ። ስለዚህ አንኳኩቶ የመጣ ሰው «ከጥናቱ ነኝ» ሲልዎት «ከየትኛው?» ብለው ይጠይቁ፤ መታወቂያና የድጋፍ ደብዳቤም ያሳይዎት።

በየጉብኝቱ ምን ይደረጋል?

አብዛኛው ጥያቄ ነው። ምን በላሽ፣ ማን ያግዝሻል፣ ውኃ ከየት ትቀጃለሽ፣ ልጁ ተቅማጥ ይዞት ያውቃል? ከዚያ መለካት ይከተላል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ባለቀለሟ መለኪያ ይታሰርበታል፤ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ያርፋል፣ ይህም ከባድ የምግብ እጥረት ነው።

ቁመት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በሰሌዳ ላይ ተኝቶ ነው የሚለካው፣ ሁለት ሰውም ያስፈልጋል። አንዳችን ጭንቅላቱን ከሰሌዳው ራስጌ እናስጠጋለን፣ ሌላችን ጉልበቱን በቀስታ ዘርግተን ተንሸራታቹን እግሩ ድረስ እናመጣለን። ያንኑ ልጅ አቁመው ቢለኩት 0.7 ሴንቲሜትር ያህል አጥሮ ይታያል፤ ለዚህ ነው «ቆሞ ቢለካስ?» ሲሉን እሺ የማንለው። በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ተጋድሞ ሲያዩት «ልጄ፣ ሰው ተኝቶ የሚለካው ለመቃብር ነው» ብለው ሰሌዳውን ገፉት። ልክ ናቸው፤ እኔም በልጅነቴ የሰማሁት ነገር ነው። ያን ቀን አልለካንም። በሚቀጥለው ጉብኝት እርሳቸው ራሳቸው ጭንቅላቱን እንዲይዙ ጠየቅናቸውና ያዙልን።

የመጨረሻ የወር አበባዬን ቀን አላስታውስም። ችግር አለው?

የለውም፣ ግን አብረን እንፈልገዋለን። 2,300 ግራም ሆኖ የተወለደ ሕፃን በ36ኛው ሳምንት ከመጣ ቸኩሎ የመጣ ነው፤ በ39ኛው ሳምንት ከመጣ ግን ማሕፀን ውስጥ ሳለ የሚገባውን ሳያገኝ የቆየ ነው። ክብደቱ አንድ፣ ታሪኩ ሁለት ነው። ከ37 ሳምንት በፊት መወለዱንና አለመወለዱን ካላወቅን ሁለቱን እንቀላቅላቸዋለን።

በእርግዝናው መጀመሪያ የሚነሳ አልትራሳውንድ ከሁሉ ይሻላል። ያ ከሌለ ግን የአገሩን የቀን መቁጠሪያ እንጠቀማለን፦ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ነበር ወይስ በኋላ? ከሸዋል ዒድ (ከረመዳን ቀጥሎ ባለው ወር ሐረር ላይ ከሚከበረው በዓል) ስንት ሳምንት አለፈው? የታኅሣሡ ቁልቢ ስትሄጂ አይተሽ ነበር? አንዲት እናት «ለቁልቢ ልብስ ሳጥብ ነበር» ብላ ቀኑን እስከ ሁለት ቀን ልዩነት አድርሳልናለች። ጳጉሜንም አንረሳትም፤ በአምስት ቀን የተሳሳተ ስሌት ብዙ አይቻለሁ።

እኅቴ ሐረር፣ እኔ ድሬዳዋ ነን። የደማችን ቁጥር አንድ ሆኖ ለምን እርሷን «ደም ማነስ» አሏት?

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጣ ደንገጎ ላይ ያለው ዳገት ነው ምክንያቱ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በደም ውስጥ አየር የሚሸከመውን ነገር፣ ይሠራል። ስለዚህ ሐረር ላይ 11 የተነበበላት ሴት ድሬዳዋ ላይ 11 ከተነበበላት ይልቅ ወደ ደም ማነስ ትቀርባለች። የሁለቱን ከተሞች እናቶች የሚያወዳድር ጥናት ቁጥሩን በከፍታው ልክ ማስተካከል አለበት።

ድሬዳዋ ላይ የተለየ የሚጠና ነገር አለ?

ብዙ አለ። በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በ2022 ደግሞ በደረቁ ወቅት የወባ ወረርሽኝ ከተማዋን መትቷታል (እ.ኤ.አ.)። የ2022ቱን ያባባሰችው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለች ከውጭ የገባች የወባ ትንኝ ናት፤ ረግረግ አትሻም፣ በየቤቱ በሮቶና በበርሜል በምናጠራቅመው ውኃ ትራባለች። ወባ በእርግዝና ጊዜ የእንግዴ ልጁን ስለሚጎዳ ሕፃኑ ከስቶ ሊወለድ ይችላል። ወረርሽኙ ከመጣ በኋላ ጥናት ብንጀምር «ከዚያ በፊት እንዴት ነበረች?» የሚለውን አናገኘውም፤ እናቶች አስቀድመው ተመዝግበው ከሆነ ግን መልሱ እጃችን ላይ ነው።

ሙቀቱም አለ። «በዚህ ንዳድ ለአራሱ ውኃ ጠብ ካላደረግሁለት ይደርቅብኛል» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። የጡት ወተት አብዛኛው ውኃ ነው፤ እስከ ስድስት ወር ድረስ በድሬዳዋ ሙቀትም ቢሆን ሌላ ውኃ አያስፈልገውም፣ ደጋግሞ መጥባት ይበቃዋል። እንገሩንም አይድፉት።

ገንዘብ ትከፍላላችሁ?

ለደም ወይም ለመልስ ዋጋ አይከፈልም። ለትራንስፖርትና ለጠፋ ጊዜ የሚሰጥ ማካካሻ ሊኖር ይችላል፤ መጠኑን አስቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸድቀዋል።

ባለቤቴ ወይም አማቴ ካልፈቀዱስ?

የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት፤ ማንም ሊፈርምልዎት ወይም ሊከለክልዎት አይችልም። ነገር ግን ቤት ውስጥ ጠብ አስነሥቶ የሚገኝ መልስ ለማንም አይበጅም። ከፈለጉ ባለቤትዎና አማትዎ ባሉበት እናስረዳለን፤ በአፎቻ (በሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) ወይም በእድር ስብሰባ ላይ የተነጋገርንባቸው ሰፈሮች ውስጥ ሥራው ሁልጊዜ ይቀልላል። ከገቡ በኋላም በማንኛውም ቀን ምክንያት ሳይሰጡ መውጣት ይችላሉ፣ ሕክምናዎም አይጓደልም።

ጫት እቅማለሁ። እውነቱን ብናገር ይፈረድብኛል?

አይፈረድብዎትም። የሚፈርድ ጠያቂ ካጋጠመዎት ያስቁሙትና ለአስተባባሪው ይንገሩ። በእኛ አገር ጫት በሠርግ፣ በለቅሶና በዱዓ ላይ አለ፤ ብዙ ነፍሰ ጡሮችም ይቅማሉ። የሚያስቸግረን አለመነገሩ ነው። የሚቅሙት «አልቅምም» ብለው ከማይቅሙት ጋር ሲደመሩ ልዩነቱ ይሰወራል፣ እኛም «ጫት ምንም አያደርግም» የሚል ውሸት ይዘን እንወጣለን። ያ ውሸት ተመልሶ የሚጎዳው የሚቅሙትን እናቶች ነው።

የምናውቀውን ልንገርዎት። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የደም ሥር ያጠብባል፤ በእርግዝና መቃምና የልደት ክብደት መቀነስ ተያይዘው የታዩባቸው ጥናቶች አሉ፤ ከጫት ንጥረ ነገሮች አንዱ በጡት ወተት ውስጥም ተገኝቷል። ስንት እስር፣ በየትኛው ወር፣ ከምን ያህል ምግብ ጋር የሚለውን ለይቶ ለማወቅ ግን የእርስዎ እውነተኛ መልስ ያስፈልጋል። የሰፈርዎ ልጅ እንዲጠይቅዎት ካልፈለጉ ሌላ ሰው ይላክልኝ ይበሉ። ጁገል ውስጥ ግድግዳው ጆሮ አለው ይባላል፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያ ክፍል ውስጥ መነጋገርም ይቻላል።

ስሜና የተናገርሁት ነገር ማን እጅ ይገባል?

ስምዎ በአንድ ቦታ፣ መልስዎ በቁጥር ብቻ በሌላ ቦታ ይቀመጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና መረጃዎን የማወቅ መብትዎ በሕግ ጭምር ነው። ደም ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ለምን ያህል ጊዜና ለምን ዓላማ እንደሆነ የፈቃድ ቅጹ ላይ ሊጻፍ ይገባል። ካልተጻፈ አይፈርሙ።

የእንግዴ ልጁን ለምን ትፈልጉታላችሁ? እኛ እኮ እንቀብረዋለን።

ፅንሱ ምግብና አየር ያገኘበት አካል ስለሆነ የዘጠኙን ወር ታሪክ ይዟል፤ ወባም፣ የደም ሥር መጥበብም፣ ኢንፌክሽንም አሻራቸውን የሚተዉበት እዚያ ነው። በእንግሊዝ ብሪስቶል እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 እናቶችን የመዘገበው ትልቅ ጥናት ወደ 9,000 የሚጠጋ የእንግዴ ልጅ በባልዲ አስቀምጧል።

እዚህ ግን መቅበር የቤተሰብ ወግ ነውና ሊከበር ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል፤ ቀሪው እንዲመለስልዎት ምጥ ሳይጀምርዎት በፊት ይናገሩ፣ ቅጹ ላይም ይጻፍ። አዋላጇ ተጣድፋ ባለችበት ሰዓት የሚደረግ ክርክር ለእናቲቱም ለእኛም ከባድ ነው።

ችግር ብታገኙብኝ ትነግሩኛላችሁ ወይስ ዝም ብላችሁ ትጽፋላችሁ?

እንነግርዎታለን፣ በዚያው ቀን። የነፍሰ ጡር ሄሞግሎቢን ከ7 በታች ወርዶ አይቶ፣ ቁጥሩን ታብሌት ላይ ሞልቶ የሚሄድ ሰው ተመራማሪ ሊባል አይገባውም። ሪፈር ይጻፋል፣ መድረሷም ይጠየቃል።

አንዳንድ የገባቸው አባቶች ከዚህ ቀጥለው «ካከማችኋት ጥናቱ አይዛባም?» ይላሉ። ይዛባል። እየተጎበኘ ያለ ቤተሰብ ከማይጎበኝ ቤተሰብ ይለያል፤ የታከመችም እንዳልታከመች አትቆጠርም። ስለዚህ የሰጠነውን እርዳታ ሁሉ እንመዘግባለን፣ ውጤቱም ሲተነተን ይታሰባል። የትንተናው ችግር ለእኛ ይቅር፤ እናት ግን ትታከም።

ወደ ጅግጅጋ ወይም ወደ ጅቡቲ ብንሄድ ከጥናቱ እንወጣለን?

አትወጡም፤ ቢቻል በስልክም ይቀጠላል። ስልክ ስለሚቀየር የእኅት ወይም የጎረቤት ቁጥርም የምንይዘው ለዚህ ነው። የሚሄዱትና የሚቀሩት ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ሥራ ያጡት፣ ቤት ኪራይ የከበዳቸው ከሄዱና የተመቻቸው ብቻ ከቀሩ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ «የአካባቢው ልጆች ጤና ጥሩ ነው» እንላለን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ስንቱን ቤተሰብ ከሰፈሩ እንዳነሣ ያየ ሰው፣ የጠፉትን መፈለግ ለምን እንደምንደክምበት ይገባዋል።

አስቀድሜ ሳላረግዝ ለምን ትመዘግቡኛላችሁ?

አንዳንዱ ጉዳት ሴትየዋ ማርገዟን ሳታውቅ ስለሚደርስ ነው። የፅንሱ አከርካሪና አንጎል የሚሠሩበት ቧንቧ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። የወር አበባዋ ቀረ ብላ ስትጠራጠር ሥራው አልቋል። ፎሊክ አሲድ ከጎደላት ቧንቧው ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል፤ በአከርካሪ ክፍተት የሚወለዱ ልጆች ደግሞ በኢትዮጵያ ብዙ ናቸው። በአራተኛው ወር ጤና ጣቢያ የሚሰጠው እንክብል ለደሟ ይጠቅማታል፣ ለዚህ ግን አይደርስም። ስለዚህ ለማርገዝ የምታስብ ሴት እንክብሉን አስቀድማ ትጀምር፤ ጥናቱም ከዚያው ቢጀምር ነው እውነቱን የሚያገኘው።

ልጅ ከሞተ በኋላ ለምን ትመጣላችሁ?

ይህን ጥያቄ ስመልስ ድምፄ ይቀንሳል። ከቤት ሞቶ የተቀበረ ሕፃን በምን እንደሞተ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። የሰለጠነ ሰው ከሐዘኑ ጥቂት ቆይቶ መጥቶ እናቲቱን ሕመሙ እንዴት እንደጀመረ፣ ትኩሳት ነበረ ወይ፣ መጥባት መቼ አቆመ እያለ ይጠይቃል። በቀርሳና በሐረር የሚሠራው ቻምፕስ የተባለው ጥናት ደግሞ ቤተሰብ ከፈቀደ በቀጭን መርፌ ከአስከሬኑ ጥቃቅን ናሙና ይወስዳል። አስከሬኑ አይከፈትም። ሥራው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ይደረጋል፤ ቀብር በማይዘገይበት በእኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በኋላም ባለሙያዎች ምክንያቱን መርምረው ለቤተሰቡ ይነግራሉ። እምቢ ማለት ይቻላል፤ እምቢ ያለ ቤተሰብ ላይ ሁለተኛ አይመጣበትም።

ብዙ እናቶች ምክንያቱ ሲነገራቸው የሚሉት ይመሳሰላል፦ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብዬ ነበር።» ኢንፌክሽን ወይም የአፈጣጠር ጉድለት መሆኑን ማወቅ ልጅ አይመልስም። ለሚቀጥለው እርግዝና ግን ምን መደረግ እንዳለበት ይነግራል፣ ከእናቲቱም ትከሻ አንድ ሸክም ያወርዳል።

እኔ ፈርሜ ያስገባሁት ልጅ አድጎ «አልፈልግም» ቢልስ?

መብቱ ነው። ነፍስ ሲያውቅ ከእርስዎ ፈቃድ ጋር የራሱ እሺታም ይጠየቃል፤ 18 ዓመት ሲሞላው ደግሞ እንደ አዲስ ራሱ ይፈርማል ወይም ይወጣል። እርስዎ እሺ ብለው እርሱ እምቢ ካለ አንለካውም።

ባለፈው ዓመት አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ክንዷን ለመለካት ስጠጋ «ለምንድን ነው ሁልጊዜ እኔ?» አለችኝ። ታብሌቱን አስቀምጬ፣ እናቷን አስፈቅጄ፣ የራሷን መዝገብ ከመጀመሪያው ጀምሬ አሳየኋት። ስትወለድ 2,400 ግራም ነበረች። ቁጥሩን በጣቷ ተከተለችና «ለምን እንዲህ ትንሽ ነበርሁ?» ብላ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ ሻዩን አስቀምጣ ያንን ዓመት መተረክ ጀመረች፤ እኔም ብዕሬን ዘግቼ አዳመጥሁ።